የቴፕ ድምፅ ልክ በአራዳ፦ የግድግዳ፣ የጎረቤትና የቡና ጥናት

የጥናቱ መነሻ

ሰው በገዛ ቤቱ ሙዚቃ ሲያዳምጥ ድምፁን የቱ ጋ ቢያቆመው ይመቸዋል? ጥያቄው ለስሙ ቀላል ነው። መልሱም በየቴፑ ግንባር ላይ ተጽፎ ይገኛል። ችግሩ አንዱ ቴፕ እስከ 10፣ ሌላው እስከ 30፣ ሦስተኛው ደግሞ እስከ 60 መቁጠሩ ነው። አምራቾቹ በአንድ ቁጥር መስማማት ካልቻሉ ጉዳዩ ገና አልተጠናም ማለት ነው። ይህ ጽሑፍ ክፍተቱን ለመሙላት ተነሥቷል።

የጥናቱ ወሰን አራዳ ነው፤ ከጊዮርጊስ ቁልቁል ፒያሳን ይዞ እስከ ራስ መኮንን ድልድይ፣ ዶሮ ማነቂያን፣ ሠራተኛ ሰፈርንና ደጃች ውቤ ሰፈርን ጨምሮ። እሪ በከንቱም ተካቷል፤ ምክንያቱን ማብራራት አስፈላጊ ሆኖ አልተገኘም። የሎተሪ አዟሪና የቁራሌው ጥሪ ግን በጥናቱ አልታዩም፤ ሁለቱም ከአጥኚው አቅም በላይ ናቸው።

ለጥያቄው በተለምዶ የሚሰጠው መልስ «ለራስህ እንደሚመችህ አድርገው» የሚል ነው። ይህ መልስ ቤቱ በሜዳ መካከል ብቻውን ለቆመ ሰው ትክክል ነው። አራዳ ላይ እንዲህ ያለ ቤት አልተገኘም።

የቀደመ ልምድ ዳሰሳ

በአገራችን በተቀረጸ ድምፅ ታሪክ ውስጥ ቀዳሚውን ስፍራ የሚይዘው የቤተ መንግሥት ጉዳይ ነው። የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ በነሐሴ 1890 ዓ.ም. ድምፃቸውን በሰም ሲሊንደር አስቀርጸው ለዐፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ ላኩ። ንጉሠ ነገሥቱ መልእክቱን በክብር ቆመው አዳመጡ፤ መድፍም ተተኮሰ። ሲሊንደሩ በንግሥቲቱ ፈቃድ ከተደመጠ በኋላ እንዲሰበር ተደረገ። ከዚህ ሦስት ቁም ነገሮች ይገኛሉ። አንደኛ፣ መሣሪያው ድምፅ መጨመሪያም መቀነሻም አልነበረውም። ሁለተኛ፣ ከመሣሪያው ይልቅ የጮኸው አድማጩ ነው። ሦስተኛ፣ ቅሬታ ያቀረበ ጎረቤት በታሪክ አልተመዘገበም፤ መድፍ ካለው ሰው ጋር ስለ ድምፅ መከራከር በየትኛውም ሰፈር የተለመደ አይደለም።

ቀጥሎ የሚመጡት ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። ስለ አውቶሞቢል እንዲማሩ ጀርመን አገር ተልከው በ1900 ዓ.ም. ግድም በርሊን ላይ ድምፃቸውን በሸክላ አስቀረጹ። ሸክላውን የሚያጫውተው ግራሞፎንም ቢሆን ቁልፍ የለውም። ድምፁን ለመቀነስ የፈለገ ሰው የቀንዱን አፍ በጨርቅ ይወትፋል፤ አለዚያም እንግዶቹን ወደ በሩ ያርቃል።

ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ሙዚቃን በጉልህ መስማት የፈለገ ሰው ወደ ሙዚቃው ይሄድ ነበር። አገር ፍቅር ማኅበር በ1927 ዓ.ም. ሲመሠረት ሕዝቡ ዘፈንና ንግግር ለመስማት በእግሩ ይመጣ ነበር፤ የድምፁም ልክ የማኅበሩ ጉዳይ እንጂ የአድማጩ አልነበረም። ሸክላ የማሳተም መብትም ኋላ ላይ በሕግ ለዚሁ ማኅበር ተሰጠ። ይህን መብት አልፎ አምሃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. ገደማ አምሃ ሬከርድስን ሲያቋቁምና የዓለማየሁ እሸቴን ሸክላ ሲያወጣ ግን ወጣቱ ዘፋኙን በብብቱ ሸጉጦ ወደ ቤቱ መግባት ጀመረ። የታሪክ ጸሐፊዎች ይህን የሙዚቃ ነጻነት ይሉታል። ከግድግዳው ማዶ ያሉት ወገኖች ምን እንዳሉት አልተጻፈም።

ቀጣዩ ምዕራፍ ሰዓት እላፊ ነው። በ1967 ዓ.ም. ደርግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ ሌሊቱ ተዘጋ፤ የውቤ በረሃ ጭፈራም ከሌሊቱ ጋር አብሮ ታሰረ። ካሴትም ያን ጊዜ ደረሰ። ጭፈራ ቤቱ ሲዘጋ መኖሪያ ቤቱ ጭፈራ ቤት ሆነ፤ ነገር ግን ሌሊት በመንገድ የሚያልፈው ጥበቃ እንዳይሰማ በሹክሹክታ የሚጨፈርበት ነበር። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ጫማውን አውልቆ፣ እስኪነጋ መጨፈር የአንድ ትውልድ የአካል ብቃት ሥልጠና ሆኗል።

ሳይንሱና ሕጉ ምን ይላሉ

የድምፅ መለኪያ ዴሲቤል ነው። ሰው በደህና ቀን ሲነጋገር 60 ዴሲቤል ገደማ ያሰማል። ድምፅ በ10 ዴሲቤል ሲጨምር ለጆሮ እጥፍ የሆነ ይመስላል። የዓለም ጤና ድርጅት በሳምንት እስከ 40 ሰዓት 80 ዴሲቤል መስማት ጆሮን አይጎዳም ይላል። ድርጅቱ የተጠነቀቀው ለአድማጩ ጆሮ ነው፤ የጎረቤት ጆሮ በዚህ ስሌት ውስጥ አልገባም።

በአገራችን የድምፅ ብክለት መመዘኛ መሠረት በመኖሪያ ሰፈር የሚፈቀደው ቀን 55፣ ማታ 45 ዴሲቤል ነው። ይህ ልክ በዶሮ ማነቂያ ሥራ ላይ ቢውል ኖሮ ባልና ሚስት ስለ ቤት ወጪ ማታ ማታ መመካከር ባልቻሉ ነበር። ልኩን ያወጡት ሰዎች በዝምታ የሚግባቡ ባለትዳሮች ሳይሆኑ አይቀሩም።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ይበልጥ ብልህ ነው። አንቀጽ 1225 ባለሀብቱ ለጎረቤቱ ጭስ፣ ጥላሸት፣ መጥፎ ሽታ፣ ጩኸትና ነውጥ ከመልካም ጉርብትና ባለፈ መጠን እንዳያደርስ ይከለክላል፤ ልኩ ሲታይም የአካባቢው ልማድ እንዲመረመር ያዝዛል። ቁጥር አልጠቀሰም። የአራዳ ልማድ ምን እንደሆነ የሚመረምርለት ሰው ሲጠብቅ ቆይቷል፤ አሁን ተገኝቷል። አንድ ቅር የሚያሰኝ ነገር ግን አለ። ሕጉ የሚናገረው ስለ ባለሀብት፣ ማለትም ስለ ቤቱ ባለቤት ነው። ከሐምሌ 1967ቱ የትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47 ወዲህ በአራዳ የብዙው ቤት ባለቤት ቀበሌ ሆኖ ቆይቷል። ስለዚህ ተከራዩ ቴፑን ሲያስጮኸው የጮኸው ተከራዩ ነው ወይስ ቀበሌው የሚለው የሕግ ጥያቄ ክፍት ሆኖ ይቆያል።

የጥናቱ ዘዴ

የዴሲቤል መለኪያ አልተገዛም። ከግድግዳው ማዶ ዋጋ ሳይጠይቅ፣ ባትሪ ሳይፈልግ፣ ሃያ አራት ሰዓት የሚሠራ መለኪያ ተቀምጧል። በዚህ ጥናት ጎረቤት ማለት ይኸው መሣሪያ ነው። አጥኚው በበርጩማ ላይ ተቀምጦ አዳምጧል፤ ቡና ሲቀርብለትም ለሳይንስ ሲል ጠጥቷል።

ግኝት አንድ፦ ስለ ግድግዳ

በአዋጁ የተወረሱት ትልልቅ የአራዳ ቤቶች ውለው አድረው ለብዙ ቤተሰብ ተከፋፈሉ። ክፍሉን ከክፍል የሚለየው ጭቃ ነው፤ ጭቃ ካነሰ ኮምፐርሳቶ፣ ኮምፐርሳቶ ካነሰ ጋዜጣ የተለጠፈበት ጣውላ። ከላይ አቡጀዲ ኮርኒስ ተወጥሯል። ግድግዳው ኮርኒሱ ጋ ሲደርስ ያቆማል፤ ድምፅ ግን አያቆምም፤ በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል አልፎ ሁሉንም ክፍል ያለ አድልዎ ይጎበኛል።

ከዚህ የተነሣ ቴፑ የአንድ ቤት፣ ዘፈኑ የአራት ቤት ነው። ካሴት የገዛው ሰው ገንዘቡን ይከፍላል፤ ያልገዙት ደግሞ የመምረጥ መብት አላቸው። «ያቺን ድገማት እስቲ!» የሚል ድምፅ ከግድግዳ ማዶ ሲመጣ ባለቴፑ ካሴቱን ያጠነጥናል። «ድምፁን ጨምረው፣ አልሰማንም እኮ!» የሚልም ይኖራል። ይህ ግኝት በሌላው ዓለም ስለ ጩኸት ከተጻፉ ጽሑፎች ጋር ስለማይገጥም አጥኚው ደጋግሞ አረጋግጦታል።

ግኝት ሁለት፦ የጨዋው ሰው እንቆቅልሽ

ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1933 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፣ ድምፅ ዝቅ ሲል ጆሮ መጀመሪያ የሚያጣው ቤዙን ነው። በዚህ ምክንያት ጎረቤቱን የሚያከብር ጨዋ ሰው ቴፑን ዝቅ ያደርግና ዘፈኑ አንጀት ያጣበታል። አንጀቱን ለመመለስ ቤዙን ይጨምራል። ግድግዳን በቀላሉ የሚሻገረው ደግሞ ይኸው ቤዝ ነው፤ የዘፋኙ ድምፅ፣ ክራሩና ሳክስፎኑ ግድግዳው ላይ ሲቀሩ ከበሮው ብቻ ያልፋል። ስለዚህ ባለጌው ጎረቤት ሙሉ ዘፈን ያሰማናል፤ ጨዋው ጎረቤት ግን «ዱም፣ ዱም» ብቻ። ከሁለቱ የትኛው እንደሚሻል የተጠየቁ እናት «ያ ባለጌው ቢያንስ ግጥሙ ይገባኛል» ብለዋል።

ግኝት ሦስት፦ የአራት ራዲዮ ስሌት

እኩል የሚጮኹ ሁለት ራዲዮኖች ሲደመሩ 3 ዴሲቤል፣ አራት ሲሆኑ 6 ዴሲቤል ይጨምራሉ። እሑድ ጠዋት አራቱም ቤት ሸገር 102.1 ላይ ሲሆን እያንዳንዱ ቤት ራዲዮኑን በጨዋ ልክ ከፍቶ ግቢው በሙሉ ይጮኻል። ጥፋተኛ ፈልጎ ማግኘት አይቻልም። አጥኚው ይህን በአገር ጉዳይም ብዙ ጊዜ አስተውሎታል፤ ነገር ግን ከጥናቱ ወሰን ውጭ ነው።

ግኝት አራት፦ ሐምሌና መብራት

ሐምሌ ሲገባ ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ ይወርዳል። አድማጩ ዝናቡን ለመብለጥ ድምፁን ይጨምራል፤ ዝናቡም ይጨምራል። ፉክክሩ እንዲህ ቀጥሎ ዝናቡ ሳይነግር ያባራል። በዚያች ቅጽበት ሰፈሩ በሙሉ አንድ ቤት ውስጥ ምን ዓይነት ዘፈን እንደሚሰማ ያውቃል። ብዙ ቁምነገረኛ የሚባሉ ሰዎች የዘፈን ምርጫ የተጋለጠው በዚህ መንገድ ነው።

መብራትም የዝናብ ታናሽ ወንድም ነው። ቀትር ላይ ለቀትር ልክ የተከፈተ ቴፕ መብራት ሲሄድ ዝም ይላል። ባለቤቱ ማጥፋቱን ይረሳና ይተኛል። መብራቱ ሌሊት ስምንት ሰዓት ሲመጣ ቁልፉ ካቆመበት ይቀጥላል። በዚህ አደጋ ከእንቅልፋቸው የተነሡ ጎረቤቶች ባለቴፑን ቢረግሙትም፣ በዚያው አፍ «እልል፣ መብራት መጣ!» ማለታቸው ስለማይቀር ጉዳዩ በእኩል ይፈታል።

ግኝት አምስት፦ የድምፅ ቀን መቁጠሪያ

የአራዳ ቴፕ በቁጥር ሳይሆን በቀን ይታዘዛል። ግቢው ውስጥ ለቅሶ ከተሰማ ማንም ሳይናገር ሁሉም ይዘጋል፤ ቢያንስ እስከ ሰልስት። ከዚያም በኋላ ቀድሞ የሚከፍት አይገኝም፤ ብዙ ጊዜ ሐዘንተኞቹ ራሳቸው «ኧረ ክፈቱት፣ ልጆቹ ተጨነቁ» ብለው ይፈቅዳሉ። አራስ ካለች ድምፅ ይቀንሳል። የጎረቤት ልጅ ማትሪክ ሊወስድ ከሆነ እንዲሁ ይቀንሳል፤ ልጁ ከወደቀ ምክንያቱ ቴፑ ስለሚሆን ማንም ሰው ያን ዕዳ አይሻም።

ሁዳዴ ሲገባ ዘፈኑ ወጥቶ መዝሙሩና በገናው ይገባሉ። በገና ዐሥር አውታር ያለው፣ በአውታሩና በብርኩማው መካከል በሚገባ ቁራጭ ቆዳ የሚነዝር መሣሪያ ነው። ድምፁ አጠገቡ ለተቀመጠ ሰው ይበቃል፤ ከዚያ ማለፍ ግን አይከጅልም። ለሰው ቤት የሚመች የድምፅ ልክ ጥናት የሠራ አንድ ሰው ከነበረ በገናን የፈለሰፈው ሰው ነው። በአንጻሩ ሞንታርቦ የፈለሰፈው ሰው ጎረቤት አልነበረውም።

በእንቁጣጣሽ፣ በገናና በፋሲካ ደግሞ ሕጉ ይገለበጣል። የዚያን ቀን የሚጠየቀው ቴፑ የጮኸበት ሰው ሳይሆን ቤቱ ዝም ያለበት ነው። «ምነው፣ ደህና አይደላችሁም እንዴ?» ተብሎ በሩ ይንኳኳል። ስለዚህ በአራዳ የድምፅ ልክ ጣሪያ ብቻ ሳይሆን ወለልም አለው። በአዘቦት ቀንም ቢሆን ሁልጊዜ ማለዳ ራዲዮ የሚከፍቱ ሽማግሌ አንድ ጠዋት ዝም ካሉ፣ ውሃ ለመጠየቅ የሚመስል ሰው ይላካል።

ግኝት ስድስት፦ የማዶ ምልክቶች

ልኩ መታለፉ የሚገለጽባቸው ደረጃዎች የሚከተሉት ናቸው።

የመጀመሪያው ሳል ነው። ደረቅና አጭር ነው፤ ጉንፋን የለበትም። ዘፈኑ ሲቀንስ ይድናል።

ሁለተኛው ግድግዳ መምታት ነው። በጣት ከሆነ ልመና፣ በቡጢ ከሆነ ማሳሰቢያ፣ በዘነዘና ከሆነ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ነው። የጭቃ ግድግዳ ዘነዘና ስለማይችል ሦስተኛው ዓይነት በመላው አራዳ በብልሃት ተወግዷል።

ሦስተኛው ለሌላ ሰው የሚነገር ንግግር ነው። እናትየዋ የራሳቸውን ልጅ ጠርተው፣ ለልጁ ከሚያስፈልገው በላይ ጮክ ብለው፣ «አንተ፣ የእኔ ራስ ምታት ማንን አሳስቦት ያውቃል!» ይሉታል። ልጁ ምንም አላደረገም፤ ይህንንም ያውቃል።

አራተኛው ልጅ መላክ ነው። «እማዬ ትንሽ ቀንሱ ብላለች» ይላል ልጁ። መልእክቱን ካደረሰ በኋላ ግን አይመለስም፤ ዘፈኑን ሊሰማ በሩ ላይ ይቀራል።

አምስተኛው ዝምታ ነው። በማግስቱ «እንደምን አደራችሁ» አይባልም። እዚህ ደረጃ ላይ የቴፕ ጉዳይ አብቅቶ የሽማግሌ ጉዳይ ይጀምራል።

የአድማጮች ምደባ

ሰፈሩ ራሱ የሚጠቀምበት ምደባ ሁለት ወገን ብቻ ስላለው ጥናቱ አልነካውም። ፋራ ማለት ስፒከሩን መስኮት ላይ አውጥቶ፣ ፊቱን ወደ መንገድ አዙሮ፣ አላፊ አግዳሚው ቴፕ እንዳለው እንዲያውቅለት የሚደክም ሰው ነው። አራዳ ማለት ስፒከሩን ከጋራው ግድግዳ ያራቀ፣ ከሥሩ ጨርቅ ያነጠፈ፣ የራሱን ወንበር ወደ ስፒከሩ ያስጠጋ ነው። ሁለተኛው ሰው አኮስቲክስ አልተማረም፤ ነገር ግን ርቀት በግማሽ ሲቀንስ ድምፅ እስከ 6 ዴሲቤል እንደሚጨምር የሚያውቅ መሐንዲስ ቢጠራ ከዚህ የተለየ ምክር አይሰጠውም። ወንበር ማስጠጋት ኤሌክትሪክ አይፈጅም፤ ሰላምታም አያስቀርም።

ውይይት

ከመጋቢት 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማት ምክንያት ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ ብዙው የፒያሳ ቤት ፈርሷል፤ ነዋሪውም ወደ ከተማዋ ዳር ተዘዋውሯል። ለዚህ ጥናት ውጤቱ ከባድ ነው፤ መለኪያው ተበትኗል። ነዋሪው በገባበት ኮንዶሚኒየም ውስጥ ግድግዳው ብሎኬት፣ ወለሉ ኮንክሪት ነው። የዘፋኙ ድምፅ እንደ ድሮው አያልፍም፤ ቤዙ ግን በኮንክሪቱ በኩል አራተኛ ፎቅ ድረስ ይወጣል። «ያቺን ድገማት» የሚል የለም። ቅሬታ ካለ በቴሌግራም ግሩፕ «የሚመለከተው አካል» ተብሎ ይጻፋል፤ የሚመለከተው አካልም ያነባል፣ አይመልስም።

በአዲሱ መኖሪያ የድምፅ ጣሪያው በሚገባ ተደንግጓል፤ ወረቀቱ በደረጃው መግቢያ ላይ ተለጥፏል። ወለሉ ግን ጠፍቷል። ራዲዮናቸው ሁለት ቀን ዝም ያለባቸው ሽማግሌ ጋ ውሃ ሊጠይቅ የሚመጣ ሰው በመተዳደሪያ ደንቡ ውስጥ አልተጠቀሰም። ወጣቱም ኤርፎን ሰክቷል። ኤርፎን ጎረቤትን አያስቸግርም፤ ጎረቤትም መኖሩን አያስታውስም።

ማጠቃለያና ምክረ ሐሳብ

በቤት ውስጥ የሚመች የድምፅ ልክ በቴፑ ላይ ባለው ቁጥር አይገኝም። ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ ሲጠቃለል የአራዳ ልማድ አንድ መመዘኛ አለው፤ እሱም ለቡና ስትጠራ መስማትህ ነው። ጥሪው የሚመጣው በሰው ድምፅ፣ በ60 ዴሲቤል ገደማ፣ ከግድግዳ ማዶ ስለሆነ ከዚህ የተሻለ መለኪያ በገበያ ላይ የለም። አፈጻጸሙም እንደሚከተለው ነው።

«ቡና ጠጡ!» ስትባል ሰምተህ ለአቦል ከደረስህ የድምፅህ ልክ ትክክል ነው፤ አትንካው። ለቶና ከደረስህ አንድ እርከን ቀንስ። በረካ ላይ ከደረስህ ቴፑን ዝጋና ይቅርታ ጠይቅ። ጭራሽ ካልሰማህ ጆሮህን ታይ፤ ሐኪሙም ደህና ነህ ካለህ ችግሩ ያለው ጉርብትናህ ላይ ነው።

ኮንዶሚኒየም የገባህ ወገን ግን ማንም ስለማይጠራህ በዚህ መመዘኛ ልትለካ አትችልም። ስለዚህ ዛሬ ማታ ቴፕህን ከመክፈትህ በፊት ረከቦትህን አውጣ፣ ጀበናውን ጣድ፣ የፊት ለፊቱንም በር አንኳኳና አንተው ጥራቸው። ልኩን እነሱ ይነግሩሃል።